«የሦስት ቀን ሽፍታ» እየተባለ የሚታለፈው ሩቤላ፦ ነፍሰ ጡር ባለችበት ምን እናድርግ?

መምህርት ከጠባሴ
ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከጥምቀት መልስ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ልጆች ሽፍታ ወጥቶባቸው አገኘሁ። ፊታቸው ላይ ጀምሮ ወደ አንገትና ወደ ደረት የወረደ፣ ደቃቅና ቀላ ያለ ሽፍታ ነው። ትኩሳታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እንዲያውም አንደኛው በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያባርር ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወላጅ አስጠርቼ ወደ ቤት ልኬያቸው እረሳው ነበር። ዘንድሮ ግን ሳያቸው ጉልበቴ ከዳኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው። ከአምስት ዓመት በፊት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የጎረቤት ልጆች ላይ ይኸው ዓይነት ሽፍታ ወጣ፤ ቀጥሎ እሷም ላይ ወጣባት። በስልክ ስታጫውተኝ «ከጆሮዬ ኋላ እንደ ሽምብራ ያለ ንፍፊት ወጥቶብኛል፤ ጣቶቼም አብጠው ሊጥ ማቡካት አቅቶኛል» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ጠፋ። ጣቶቿም ከሳምንት በኋላ ተሻላት። ማናችንም መለስ ብለን አላሰብንበትም።

ልጁ ሲወለድ ከሁለት ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለአራስ ጥየቃ ሄጄ ሳለ አክንባሎ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ድመቷ በርግጋ ከቤት ወጣች፤ እናቲቱ ደነገጠች፤ ሕፃኑ ግን ከጡቱ እንኳን አልተላቀቀም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በአራተኛው ወር የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ እንደ ወተት ጠብታ ያለ ነጭ ነገር ታየ። አዲስ አበባ ወስደነው ሞራው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ግን ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ሐኪሟ እህቴን «እርግዝናሽ ገና ሲጀምር ሽፍታ ወጥቶብሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ሩቤላ የሚለውን ቃል የዚያን ቀን ሰማነው። ጆሮው ሲመረመርም የሁለቱም ጆሮ የመስማት አቅም በእጅጉ የተጎዳ መሆኑ ተነገረን።

እዚያ እስክንደርስ ድረስ እህቴ ያልተባለችው ነገር የለም። ቀትር ላይ ወንዝ ተሻግራ ነው፣ አልጋ ላይ ባለችበት ሰው ክፉ ዓይን አይቷት ነው፣ የእናት አባቷ ኃጢአት ነው። ጥፋተኛ ያልሆነች ሴት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቷ ተከሳሽ ሆና ኖረች።

ባለፈው ሳምንት ለጥምቀት ሄጄ ልጁን ታቦት ሽኝት ይዤው ወጣሁ። ከመዘምራኑ አንዱ ከበሮውን ዝቅ ሲያደርግለት መዳፉን ቆዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ሲመታ ይስቃል፣ ሲቆም ቀና ብሎ የመቺውን ፊት ያያል። ጆሮው ያላደረሰለትን በእጁ ይሰማዋል።

አሁን ጥያቄዬ ይኼ ነው። አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ የዘጠኝ ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። በሽታው ከኩፍኝ ይለያል ወይስ ያው ነው? እሷስ ምን ታድርግ? እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።


የጤና መኮንን ከደብረ ሲና
ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ፣ መጀመሪያ ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ፤ ማብራሪያው ይደርሳል። ሽፍታ የወጣባቸው ልጆች ሽፍታው ከታየበት ቀን ጀምሮ ሰባት ቀን ቤታቸው ይቆዩ። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያው ዛሬውኑ ተናገሪ፤ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሕመም በቅኝት የሚያዝ ስለሆነ መጥተው ደም ይወስዳሉ። ናሙናው ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሄዶ መጀመሪያ ለኩፍኝ ይመረመራል፤ ከኩፍኝ ነፃ ሆኖ ሲገኝ ለሩቤላ ይታያል። ባልደረባሽ ደግሞ ነገ ሳትል ወደ እርግዝና ክትትል ትሂድና ከሽፍታ ጋር መገናኘቷን በግልጽ ታስመዝግብ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አይ፣ ያው አይደለም። ሩቤላን «የጀርመን ኩፍኝ» የሚሉት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለይተው የጻፉለት የጀርመን ሐኪሞች ስለሆኑ ነው እንጂ ከኩፍኝ ጋር የሚያዛምደው የቅርብ ሥጋ የለውም። የሁለቱ ቫይረሶች ቤተሰብ የተለያየ ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ስታዪው ታውቂዋለሽ፦ ትኩሳቱ ያነድደዋል፣ ዓይኑ ደም ይመስላል፣ ያስለዋል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ይደቅቃል። ኩፍኝ በሳንባ ምችና በተቅማጥ ይገድላል። ሩቤላ የያዘው ልጅ ግን አንቺ እንዳልሽው ኳስ ያባርራል። ሽፍታው ፊት ላይ ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ በሦስት ቀን ገደማ ይጠፋል። አንዱ ምልክቱ ከጆሮ ኋላና ከማጅራት ላይ የሚያብጠው ንፍፊት ነው። አዋቂ ሴቶች ላይ የጣት፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም በጣም ይበረታል፤ እህትሽ ሊጥ ማቡካት ያቃታት ለዚህ ነው።

ከሚያዙት ሰዎች ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምንም ምልክት አያሳዩም። ያልታመመው ሰውም ያስተላልፋል። የታመመውም ሽፍታው ከመውጣቱ ሰባት ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ «ሽፍታ ካለበት ራቂ» ማለት ጥሩ ምክር ቢሆንም ብቻውን አያድናትም።


መምህርት ከጠባሴ
ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጤና ጣቢያው ደውያለሁ፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን ብለዋል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ባልደረባዬ በልጅነቷ የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች፤ እህቴም ወስዳለች። ካርዱን እናታችን ሙዳይ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።


ላቦራቶሪ
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

የኩፍኝ ክትባት ሩቤላን አይከላከልም። ሩቤላ የራሱ ክትባት አለው፤ በብዙ አገር ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅሎ ይሰጣል። እኛ አገር በመደበኛው የክትባት መርሃ ግብር እስከ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ የቆየው የኩፍኙ ብቻ ነው።

የሥራ ቦታዬ ላቦራቶሪ ስለሆነ ስለ ቫይረሱ ጥቂት ላክል። ሩቤላ በጣም ትንሽ ቫይረስ ነው። የውርስ መልእክቱ የተጻፈበት አርኤንኤ ወደ 9,800 የሚጠጉ ፊደላት ብቻ አሉት፤ በዚያ ላይ በስብ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ከሰው ውጭ ብዙ አይቆይም፣ ሳሙና ይገድለዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በሳልና በማስነጠስ፣ በንግግርም ጭምር በሚረጭ ጠብታ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያርፋል፣ በአቅራቢያው ባሉ ዕጢዎች ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወደ ደም ይገባል። ከተያዙበት ቀን እስከ ሽፍታው መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ሽፍታው ራሱ አብዛኛው የሰውነታችን መከላከያ ሥራ ነው። ሽፍታው ሲወጣ ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን፣ ደርሷል፣ ቫይረሱም ከደም እየጸዳ ነው ማለት ነው።

ነፍሰ ጡር ላይ ግን በዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቫይረሱ በደም አድርጎ እንግዴ ልጁ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ፅንሱ ገና የራሱ መከላከያ የለውም። ቫይረሱ ሴሎቹን ሁሉ አይገድልም፤ መባዛታቸውን ያዘገያል፣ ደቃቅ የደም ሥሮችን ይጎዳል። ጉዳቱ የሚወሰነው በዚያ ሳምንት ምን አካል እየተሠራ እንደነበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የዓይን ሌንስ፣ የውስጥ ጆሮና ልብ ይሠራሉ። እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ፅንሱ የመጎዳቱ ዕድል እስከ 85 እና 90 ከመቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ16ኛው ሳምንት ወዲህ በብዛት የሚታየው የመስማት ችግር ብቻ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ጉዳት ብርቅ ነው። ፅንሱ የሚጨነግፍበት ወይም ሞቶ የሚወለድበት ጊዜም አለ።

ስለ ባልደረባዎ ምርመራ፦ ደሟ አሁኑኑ ይወሰድ። አይ ጂ ጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ፣ ከንክኪው ገና ጥቂት ቀን ስለሆነ፣ ድሮ ይዟት ያለፈ ነው ማለት ነው፤ ተጠብቃለች። ካልተገኘ ግን ተጋላጭ ናት። ያን ጊዜ ከንክኪው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ደግሞም በስድስተኛው ሳምንት ይደገማል። በአንድ ምርመራ ብቻ «ነፃ ነሽ» የሚል ሰው ካጋጠማት እንዳትቀበል። አይ ጂ ኤም፣ ማለትም በሽታው በቅርቡ ሲይዝ ቀድሞ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል፣ ብቻውን አዎንታዊ ቢወጣም ሌላ ሕመም ሊያሳስተው ስለሚችል ሳይረጋገጥ ምንም ውሳኔ አይወሰንበት። ብዙ ሴቶቻችን በልጅነታቸው ተይዘው ስላለፉ ተስፋ አላት።


የአንኮበር አባት
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጆቼ፣ ስትጽፉ ሳነብ ቆየሁ። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። በእኛ ጊዜ ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ ነበር። ልጁ ጨለም ካለ ጓዳ ይተኛል፣ ቡና ይፈላለታል፣ መርፌ እንዳይነካው ይከለከላል፣ ሽፍታው ወደ ውስጥ ይመለሳል ይባላል። እናቴ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሽፍታ ወዳለበት ቤት እንዳትገባ ደጃፉ ላይ ትመልሳት ነበር። ምክንያቱን አትነግረንም።

ሆኖም አንድ ነገር ልበል። ኩፍኝ ልጆቻችንን ሲቀብር አይቻለሁ፤ የራሴን ወንድም ቀብሬያለሁ። ሦስት ቀን አሳክኮ በሚያልፍ በሽታ ሕዝቡን ማስጨነቅ ተገቢ ነው? ጤና ጣቢያው ላለበት ሥራ እንኳን እጅ አጥሮታል። ሴቶቻችንም ያለባቸው ጭንቀት በቂ ነው።


መምህርት ከጠባሴ
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባቴ፣ ስለ ወንድምዎ አዝናለሁ፤ ነፍሱን ይማረው። በኩፍኝ ላይ የሚሉትን አልቃወምም። ነገር ግን ሦስት ቀን ብቻ የሚያሳክከው የእህቴን ልጅ አይደለም። የእሱ ሦስት ቀን ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሽፍታው ለያዘው ሰው ቀላል በመሆኑ ነው እኮ ማንም ያልመዘገበው፣ ማንም ያላስጠነቀቃት። እህቴ ያን ጊዜ ብትሰማ ኖሮ ምናልባት ትጨነቅ ነበር፤ ባለመስማቷ ግን ዓመት ሙሉ ራሷን ስትረግም ኖረች። ከሁለቱ ጭንቀት የቱ ይሻላል?

እናትዎ ግን ትክክል ነበሩ። ደጃፍ ላይ የሚመልሱ እናት ቢኖሩን ኖሮ።


የሸዋ ሮቢት ፋርማሲ
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

የአባታችን እናት ነገር አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። ይህን በሽታ ከልጆች ዓይን ጋር ያገናኘው ኖርማን ግሬግ የሚባል የአውስትራሊያ የዓይን ሐኪም ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1941 ነው። ሲድኒ ውስጥ ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በዙበት። ተራ እየጠበቁ የነበሩ ሁለት እናቶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ፣ ሁለቱም በእርግዝናቸው ሩቤላ እንደያዛቸው ሲጫወቱ ሰማ ይባላል። ጠየቀ፣ ባልደረቦቹንም አስጠየቀ። ከሰበሰባቸው 78 ሕፃናት የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በሽታው ይዟቸው ነበር። ለዘመኑ ሰው ነገሩ የማይታመን ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀላል የሽፍታ በሽታ ማህፀን ውስጥ ገብቶ አካል ያጎድላል ብሎ የሚያስብ ሐኪም ብርቅ ነበር። ብዙዎቹ ወዲያው አልተቀበሉትም።

ቫይረሱ ራሱ ተለይቶ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ብዙ ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 አሜሪካ ውስጥ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 12.5 ሚሊዮን ሰው ያዘ፣ 20,000 ያህል ሕፃናት ከጉዳቱ ጋር ተወለዱ። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ፈቃድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ አህጉር በሙሉ ሩቤላ በውስጡ መዛመቱን ማቆሙ ታወጀ። ሰሜንም ደቡብም፣ ሀብታሙም ድሃውም።

እኔን የሚገርመኝ መጀመሪያ ያስተዋሉት ተራ የሚጠብቁት እናቶች መሆናቸው ነው። ሐኪሙን ትልቅ ያደረገው መስማቱ ነው።


የክትባት ባለሙያ ከሞጃና ወደራ
ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ክትባቱ ለምን የለንም የሚለውን ብዙ ሰው በግል መልእክት ስለጠየቀኝ እዚሁ ልመልስ። ነገሩ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ከባድ ስሌት አለ።

በሽታው በነፃነት በሚዛመትበት አገር አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ተይዞ ያልፋል፤ ዕድሜ ልክም ይጠበቃል። አሁን ከልጆች ግማሹን ብቻ ከተብን እንበል። የበሽታው ዝውውር ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን አይቆምም። ያልተከተቡት ሴት ልጆች በአምስት ዓመታቸው መያዝ ሲገባቸው ሳይያዙ ያድጋሉ፤ ሃያ ዓመት ሲሆናቸው፣ ሲያገቡና ሲያረግዙ ይይዛቸዋል። ማለትም ጎዶሎ ክትባት በሽታውን ከሕፃናት ወደ ነፍሰ ጡሮች ሊገፋው ይችላል። ግሪክ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ ለዓመታት ጥቂት ልጆች ብቻ ሲከተቡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣት ሴቶችን የመታ ወረርሽኝ ተነሣ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር የሩቤላን ክትባት ከመጀመሩ በፊት በኩፍኝ ክትባት ቢያንስ 80 ከመቶ ልጆችን መድረስ መቻሉን እንዲያሳይ ሲመክር የቆየው።

ያን 80 ከመቶ የምናገኘው ከየት ነው? ኩፍኝ በዘጠነኛው ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአሥራ አምስተኛው ወር ነው የሚሰጠው። ለመጀመሪያው የምትመጣ እናት ብዙ ናት፤ ለሁለተኛው ትቀራለች። ልጇ ድኖ፣ ወፍሮ፣ ሲሮጥ ታየዋለች፤ አጨዳ ይደርሳል፣ ገበያ ይደርሳል። እኔ ደግሞ የክትባት ሣጥኑን በትከሻዬ አንግቼ ከደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል ስወርድ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። የበረዶው ጡብ ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ። ደርሼ አሥራ ሁለት ልጅ ብጠብቅ ሰባት አገኛለሁ። አምስቱን ፍለጋ በየጎጡ ስዞር ይመሻል። ያቺ ለሁለተኛው ክትባት የምትመጣ አንዲት እናት የራሷን ልጅ ከኩፍኝ ማዳኗ ብቻ አይደለም፤ የሩቤላ ክትባት ወደ አገራችን የሚገባበትን በር እየከፈተች ነው። ይህን ስነግራቸው የሚገባቸው እናቶች አሉ፤ ለእነሱ ስል ቁልቁለቱን እወርደዋለሁ።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የሩቤላ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ያላረገዘች ሴት ብታገኘው ከወሰደች በኋላ አንድ ወር ሳታረግዝ መቆየት አለባት። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ከ100 ሰው ከ95 በላዩን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል።

አባቴ ከአንኮበር፣ ፈንጣጣን ያስታውሳሉ። ከአገራችን የወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ እግረኛ ከታቢዎች በየሸለቆው ገብተው ነው። የተቻለውም ፈንጣጣ ከሰው በቀር ሌላ መደበቂያ እንስሳ ስላልነበረው ነው። ሩቤላም እንዲሁ ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም።


የአንኮበር አባት
ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

አስታውሳለሁ። ከታቢዎቹ እኛ ቤት አድረዋል። እናቴ እግራቸውን አጥባቸዋለች።

መምህርት፣ ትናንት የተናገርኩትን መልሼ አሰብኩበት። የልጄ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደውዬ ነገርኳት።


አባት ከእነዋሪ
ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

የእኔም ልጅ አትሰማም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምክንያቱ ሩቤላ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሐኪሞቹም በዚያ ዕድሜዋ ከደም ምርመራ መለየት እንደማይቻል ነግረውናል። የምጽፈው ለመምህርቷ እህትና ሕፃን ላላችሁ ሁሉ ነው።

እኛ ያወቅነው ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። ያ ጊዜ አይመለስም። ሕፃን ልጅ ቋንቋ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ በጆሮው ካልሆነለት በዓይኑ፣ በምልክት ቋንቋ ሊይዝ ይገባል። እኛ ግን «ትናገራለች፣ የአባቷም ወንድም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያልን ቆየን። አሁን የምልክት ቋንቋ ከእሷ እኔ እየተማርኩ ነው። ጣቴ የገበሬ ጣት ነው፣ እንደ እሷ አይታዘዝልኝም፤ ስሳሳት እጄን ይዛ ታስተካክለኛለች።

ስለዚህ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ወይም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ሳለ፣ ጥላችሁን ሳያይ፣ ከኋላው አጨብጭቡ። ሙቀጫ ወቅጡ። በስድስተኛው ወር ስሙን ጠርታችሁት ካልዞረ ዝም አትበሉ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ፣ ሲጠባ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ላብ ካላበው፣ ጤና ጣቢያው «ደህና ነው» ቢላችሁም ሆስፒታል ድረሱ።


ላቦራቶሪ
ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

የእነዋሪው ወንድማችን ስለ ላቡና ስለ ትንፋሹ የጻፉት ትክክል ነው፤ የልብ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ ደሙ ሳንባን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ አጭር የደም ቧንቧ አለ፤ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት ይገባዋል። ሩቤላ ካጠቃቸው ብዙዎቹ ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። ሊታከም የሚችል ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ጉዳቱ አድጎ ይመጣል፤ በልጅነት የስኳር በሽታ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሆኖ ከዓመታት በኋላ ይታያል። ስለዚህ የመምህርቷ እህት ልጅ ዓይኑና ጆሮው ታይቷል ተብሎ መተው የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር፤ ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረበት ነው። ከማህፀን ሩቤላ ይዞት የወጣ ሕፃን ቫይረሱን በምራቁ፣ በንፍጡና በሽንቱ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ለእናቱ አያሰጋም፤ እሷ ይዟት አልፏል። ነገር ግን ሌላ ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለውን ሕፃን ማቀፍ፣ መሳም፣ ማጠብ የለባትም።


መምህርት ከጠባሴ
ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይህን የመጨረሻውን አንብቤ ሌሊቱን አልተኛሁም። የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ነው የዞረው። ሁላችንም ስመነዋል። ነፍሰ ጡሮች ነበሩበት፤ ሁለቱን በስም አስታውሳለሁ። ዛሬ ሁለቱንም በስልክ ጠየቅኋቸው። የሁለቱም ልጆች ይሰማሉ፣ ያያሉ። ተመስገን።

ጤና ጣቢያው በቃሉ መጥቶ ከልጆቹ ደም ወስዷል። ባልደረባዬም አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳ በግል ላቦራቶሪ ደሟን ቅዳሜ ሰጥታለች።

ያላሰብኩት ግን ሌላ ነው። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ የክፍሌን በር ዘግታ «እትዬ፣ ስለ ሽፍታው ስታወሩ ሰምቼ ነው» አለችኝ። እሷም የሁለት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ናት። ለማንም አልተናገረችም፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጨንግፎባታል፣ እንዳይቀጠፍ ብላ ደብቃው ነው። ያን ሳምንት የታመመውን ልጅ ያስመለሰውን ያጠበችው፣ አቅፋ ወላጁ እስኪመጣ ያቆየችውም እሷ ናት። መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተን ከባልደረባዬ ጋር አብረን ላክናት።


የጤና መኮንን ከደብረ ሲና
ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አንድ ነገር ንገሪያት፦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የሚያክማት ሰው ብቻዋን ውሳኔ ላይ እንዳይጥላት። ለሩቤላ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ሰዎች የቅጠሉን የሥሩን ሊሰጧት ይችላሉ፣ አንዳች እንዳትወስድ። የእርግዝና ክትትሏን ግን አታቋርጥ።


መምህርት ከጠባሴ
የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

የልጆቹ ውጤት መጥቷል። ከኩፍኝ ነፃ ናቸው፤ ከሦስቱ በሁለቱ ሩቤላ ተገኝቷል። ሁሉም ድነው ተመልሰዋል። ባልደረባዬ አይ ጂ ጂ ተገኝቶባታል፤ ድሮ ይዟት ያለፈ ነው፣ ተጠብቃለች። ስትነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን።

የጽዳት ሠራተኛዋ ግን አልተገኘባትም። ተጋላጭ ናት። ሁለተኛው ደም የካቲት 11 ቀን ይወሰዳል፣ ሦስተኛው መጋቢት 2 ቀን።


ላቦራቶሪ
የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

የሚቻል ከሆነ በዚያው ላቦራቶሪ ይደረግላት። የመጀመሪያው ደም ተቀምጦ ከሆነ ከሁለተኛው ጋር ጎን ለጎን እንዲያዩት ጠይቁ፤ ለውጡ ይበልጥ በግልጽ ይታያል። እስከዚያ ማንኛውም ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ንፍፊት ከታየባት ቀኑን ሳትጠብቅ ትሂድ።


የአንኮበር አባት
የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

መምህርት፣ የዚያች ልጅ ነገር እንዴት ሆነ? በየጠዋቱ ለእሷ እጸልያለሁ።


መምህርት ከጠባሴ
መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባቴ፣ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለቱም ውጤት እስኪመጣ ጠብቄ ነው። በሦስተኛው ሳምንትም በስድስተኛው ሳምንትም አልተገኘባትም። አልያዛትም። ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤላት አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

አሁንም ግን ተጋላጭ ናት። ርእሰ መምህሩ 20ኛው ሳምንት እስኪያልፍላት ድረስ ከአንደኛ ክፍል ወጥታ መዝገብ ቤቱን እንድታጸዳ ፈቅደዋል። እኔ ደግሞ የክፍሌን ወለል ከልጆቹ ጋር እየጠረግሁ ነው።

እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ይዛ ትመጣለች፤ ልቡን ለማስመርመር ቀጠሮ ይዘንለታል። የእነዋሪው ወንድሜ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከልጅዎ ጋር ላስተዋውቀው እፈልጋለሁ። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ አይቶ አያውቅም።


አባት ከእነዋሪ
መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ነገርኳት። «ስሙ ማን ነው?» ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። የእሱን ስም የሚያሳይ ምልክት ራሷ እያዘጋጀችለት ነው። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እንመጣለን።